ምክንያት የሚለው ሳጥን

እኔ ቀናተኛ ነኝ። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም፤ ኋላ ሌላ ሰው አጣሞ ከሚነግራችሁ ከራሴ አፍ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው። የምቀናው በጎረቤት ወይም በባልደረባ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር። በገዛ እህቴ ነው የምቀናው፤ በአሥራ ሦስት ዓመት በምበልጣት፣ አዝዬ ባሳደግኳት፣ ጥርሷ ሲነቃነቅ በክር አስሬ በነቀልኩላት እህቴ።

የምሠራው በርና መስኮት የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ታች አዳራሹ ውስጥ አሉሚኒየም ይቆረጣል፣ መስታወት ይገጠማል፤ ላይ ቢሮዎቹ ውስጥ ሰው ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ ይውላል። ኮምፒውተሮቹ ስልሳ ሁለት ናቸው፣ ሁሉንም የምይዛቸው እኔ ነበርኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፍላሼን በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከክፍል ክፍል ዞሬያለሁ። አዲስ ፕሮግራም የሚፈልግ ሁሉ ይጠራኛል። «እትዬ ፍላሽ፣ ይቺ ነገር እንቢ አለችኝ እኮ፤ እስቲ ብቅ በይ» ይሉኛል። ብቅ ስል ከወንበራቸው ብድግ ብለው ቦታ ይለቁልኛል። እቤት እንኳ ለእኔ ብሎ ከወንበር የሚነሳ ሰው የለም፤ ስለዚህ ይህቺን ነገር ምን ያህል እንደምወዳት መገመት ትችላላችሁ።

የትኛው ኮምፒውተር ላይ ምን እንደጫንኩ የምጽፍበት ደብተር አለኝ፤ ጠርዙ ያለቀ፣ ጀርባው በፕላስተር የተያያዘ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን እህቴ ተማሪ ነበረችና ትምህርት ሲዘጋ ደብተሩን ይዛ ትከተለኝ ነበር። ካርቶን ላይ ትቀመጣለች። የይለፍ ቃል ስጽፍ ፊቷን ታዞራለች፤ ያን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከዚያ «በይ ሚጡ» ስላት ማውዙን ትይዝና «ቀጥል» የሚለውን ትጫናለች። ቀጥል፣ ቀጥል፣ ጨርስ። ሥራዋ ያ ብቻ ነበር፣ ግን ፊቷ ላይ የሚታየውን ኩራት ብታዩ አውሮፕላን የምታበር ነው የሚመስላችሁ።

ታዲያ ምን ሆነ? አንዱ የሽያጭ ሠራተኛ ከኢንተርኔት ላይ በነጻ አገኘሁት ብሎ ፎቶ የሚያሳምር ፕሮግራም ጫነ። ፎቶውን አሳምሮለት እንደሆነ እንጃ፣ ይዞት የመጣው ቫይረስ ግን ቢሮውን ሁለት ቀን ዘጋው። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶኝ «ማን ነው የፈቀደለት?» አለኝ። ማንም። ማንም ያልፈቀደው ነገር እንዴት እንደሚጫን ላስረዳው በሞከርኩ ቁጥር ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። በወሩ አዲስ የሥራ መደብ ወጣ፤ የሲስተም አስተዳዳሪ ይላል። መስፈርቱ ዲግሪ ነው። እኔ ያለኝ የስድስት ወር ሰርተፍኬትና አንገቴ ላይ የተንጠለጠለው ፍላሽ ነው።

ማስታወቂያውን ለእህቴ ያሳየኋት ማን መሰላችሁ? እኔው ነኝ። ዲግሪዋን ይዛ እቤት ከተቀመጠች መንፈቅ አልፏት ነበር። ትወድቃለች ብዬ አይደለም ያሳየኋት። እንጃ፣ ትንሽ ትንሽ ሳይሆን አይቀርም። አለፈች። ሦስት ወር የሙከራ ጊዜ ተሰጥቷት ከእኔ በላይ ያለው ክፍል ገባች፤ መስኮት ያለው፣ በሩ ላይ የሥራ መደቡ የተለጠፈበት።

አሠራሩን ገለበጠችው። ከእንግዲህ ማንም በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ ምንም አይጭንም። የተፈቀዱ ፕሮግራሞች ዝርዝር ይኖራል፣ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለው አይከፈትም። አዲስ ነገር የፈለገ ስክሪኑ ላይ ቅጽ ይሞላል፤ አስተዳዳሪዋ ከወንበሯ ሳትነሳ ትፈቅዳለች ወይም ትመልሳለች። አንድ ደንብ ደግሞ ጨመረች፤ ጠያቂና ፈቃጅ አንድ ሰው መሆን አይችልም፣ ሰውየው አስተዳዳሪዋ ራሷ ብትሆን እንኳ። «ማንም ሰው ብቻውን በር መክፈት የለበትም» አለች ስብሰባው ላይ። አጨበጨቡላት። እኔም አጨበጨብኩ፤ ያውም ከሁሉም ይልቅ፣ ሆዴ ሲቃጠል ሰው እንዳያይብኝ።

ደንቡ ጥሩ ደንብ ነበር። ያናደደኝም እሱ ነው። መጥፎ ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር።

ከዚያ በኋላ ስልኬ መጮህ አቆመ። በኮሪደሩ ሳልፍ «እትዬ ፍላሽ፣ ደህና ነሽ?» ይሉኛል፣ ከወንበር ግን የሚነሳ የለም። አንድ ቀን የመቁረጫ አዳራሹ ኃላፊ ሲመጡ አየኋቸው። እኚህን ሰውዬ «ጋሽ ሚሊሜትር» ነው የምንላቸው፤ የገዛ እናታቸው በር ግማሽ ሚሊሜትር ቢዛነፍ አስፈርሰው የሚያሠሩ ናቸው። ወደ እኔ የመጡ መስሎኝ ወንበር ሳብኩላቸው። «አስተዳዳሪዋ አለች?» አሉኝ። አስተዳዳሪዋ! አዝዬ ያሳደግኳትን ልጅ!

እቤትም አላረፍኩም። እናታችን ስልኳ ሲበላሽ የምትሰጠው ለእኔ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት የፋብሪካው፣ ዕድሜ ልኬን ደግሞ የእናቴ ጠጋኝ ነኝ። አንድ ቀን ራት እየበላን ስልኳን ከእኔ አሳልፋ ለእህቴ ዘረጋችላት።

«ሚጡ፣ እስቲ ይቺን እያት፤ አትጮኽም።»

«አምጪ እኔ ልየው» አልኩ።

«አይ፣ አንቺ ደክሞሻል። እሷ ትየው፤ አስተዳዳሪ አይደለች እንዴ?»

ድምፁ ተዘግቶ ነው። አንዲት ቁልፍ ነች። እህቴ ተጫነቻት፣ ስልኩ ጮኸ፣ እናቴ «ተባረኪ የኔ ልጅ!» ብላ ግንባሯን ሳመቻት። ያቺን ቁልፍ እኔ ስንቴ ተጭኛታለሁ! አንድም ቀን ለእሷ ብሎ ግንባሬን የሳመኝ የለም። ሳህኔን አንስቼ ወደ ማጠቢያው ሄድኩና የታጠበ ብርጭቆ ሁለተኛ አጠብኩ።

በማግስቱ እህቴ ቢሮዬ መጣችና ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እታለም፣ አንድ ነገር አስቸግርሽ። ዝርዝሩ ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከደብተርሽ ላይ ሁሉንም ገልብጠሽ ትሰጪኛለሽ? አንቺ ካላወቅሽው ማንም አያውቀውም።»

ገለበጥኩላት። ስልሳ ሁለቱን ኮምፒውተሮች፣ መቶ ምናምን ፕሮግራም። አርባ አንደኛው መስመር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

አርባ አንደኛው መስመር ትልቁን መቁረጫ የሚያዘው ፕሮግራም ነው። ልኩ ይሰጠዋል፣ እሱ ደግሞ ለመጋዙ ይነግረዋል። የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል፤ መጫኛው ፋይል የቀረው እኔ ፍላሽ ውስጥ ብቻ ነው። እሱ ካልተከፈተ መጋዙ ብረት ብቻ ነው፣ አዳራሹም ሥራ ፈት። ይህን ከእኔና ከጋሽ ሚሊሜትር በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ አሰብኩ።

ዘለልኩት። ከአርባ ወደ አርባ ሁለት።

ዕቅዴ ቀላል ነበር። ሰኞ መጋዙ ይቆማል። የእኔዋ ምሁር ትደናገጣለች። ሰው ሁሉ ቆሞ ሳለ እኔ ደረጃውን ቀስ ብዬ እወርዳለሁ፣ ፍላሼን ከአንገቴ አወልቃለሁ፣ እሰካለሁ። ጋሽ ሚሊሜትር «ወይ እትዬ ፍላሽ! ድሮም አንቺ ባትኖሪ» ይላሉ። በቃ። እህቴ ከሥራ እንድትባረር አልፈለግኩም። አንድ ጊዜ፣ ሰው ፊት፣ እንድታፍር ብቻ ነው የፈለግኩት።

ዓርብ ማታ ወረቀቱን እየገለጠች «ይኸው ነው እታለም? የቀረ የለም?» አለችኝ። ይኸው ነው አልኳት። ልብስ ሳጣጥፍ መጣችና ደገመችው፤ «አዳራሹም ተካቷል?» ተካቷል አልኳት። ልተኛ ስል በሩን ገርበብ አድርጋ «እርግጠኛ ነሽ አይደል?» አለች። «አንቺ ልጅ፣ ካላመንሽኝ ራስሽ ሄደሽ አትቆጥሪም?» ብዬ ጮህኩባት። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ሰኞ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ መጋዙ ዝም አለ።

ያ መጋዝ ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚጮኽ ጩኸቱን ማንም አይሰማውም፤ ዝም ሲል ግን ሁሉም ሰው ቀና አለ። ደረጃውን ቀስ ብዬ ወረድኩ፣ እንዳሰብኩት። ሠራተኛው እጁን አጣምሮ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ «ይህ ፕሮግራም አልተፈቀደም፤ አስተዳዳሪውን ይጠይቁ» የሚል ቀይ ጽሑፍ አለ። ጋሽ ሚሊሜትር ወገባቸውን ይዘው ኮምፒውተሩን እንደ ባለጌ ልጅ ይመለከቱታል። ዛሬ ከሰዓት ለአንድ ክሊኒክ የሚሄድ ዘጠና መስኮት አለ፤ መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሟል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ አልዋሽም። ፍላሼን አወለቅኩ፣ ሰካሁ።

ፍላሹን ማሽኑ አልተቀበለኝም። ያው ቀይ ጽሑፍ ነው የመጣው። ለካ «ማንም ሰው» ሲባል እኔም ሰው ነኝ፤ እኔም አልተፈቀድኩም።

ይህን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ገባ፣ እህቴም ከኋላው። ሰዓቱን አየ፣ መኪናውን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ።

«ዝርዝሩን ማን ነው ያዘጋጀው?»

አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር እስካሁን አላውቅም።

«እኔ ነኝ» አለች እህቴ።

«ይህን የሚያህል ነገር እንዴት ይቀራል?»

«ረስቼው ነው።»

«አሥራ አምስት ሰው ቁጭ ብሎ ረስቼው ነው ትይኛለሽ? እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ መጋዙ ካልጮኸ፣ የሙከራ ጊዜሽ ዛሬ አልቋል። ሌላ የምለው የለኝም።»

ሄደ። የእህቴ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ልጅ ሆና ልታለቅስ ስትል እንዲሁ ነበር የሚያደርጋት። እጄን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወሰደችኝ።

«እታለም፣ እኔ ራሴ ጠይቄ ራሴ መፍቀድ አልችልም፤ ታውቂያለሽ። ፋይሉም አንቺ ጋ ነው። ከኮምፒውተርሽ ጥያቄውን ላኪልኝ። ዝርዝሩ ከተዘጋ በኋላ ለሚመጣ ጥያቄ፣ ቀድሞ ለምን አልገባም የሚል ሳጥን አለ። እዚያ ላይ አስተዳዳሪዋ ረስታው ነው በይ። ከፈቀድኩት በኋላ ቅጂው ለሥራ አስኪያጁ ይሄዳል፤ ከነገርኩት ጋር አንድ ይሁን።»

ዓይኔን አይታ ነው ይህን ያለችው፤ ሳትቆጣ። የዚያን ጊዜ ታውቃለች ማለት ነው ብዬ ደነገጥኩ። ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ቅጹ ቀላል ነው። የፕሮግራሙ ስም። ፋይል። ምክንያት። ስሙን ጻፍኩ፣ ፋይሉን ከፍላሼ አያያዝኩ። ምክንያት የሚለው ሳጥን ውስጥ ጠቋሚዋ መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች። «አስተዳዳሪዋ ረስታው ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ቃል ነው። ላኪ የሚለው ላይ ማውዙን አደረስኩና ቆምኩ።

አሁን የምነግራችሁን ለካህን እንኳ አልነገርኩም። ያቆመኝ ጽድቅ አይደለም። ቅናቴ ነው ያቆመኝ። ዲግሪው የእሷ፣ መስኮት ያለው ክፍል የእሷ፣ የእናቴ ስሞሽ የእሷ፤ አሁን ደግሞ ለእህቷ ስትል ጥፋት የምትሸከም ደግ ልጅም እሷ ልትሆን ነው? እኔ ዕድሜ ልኬን ይህ ሲያንገበግበኝ ልኖር? ይህንን እንኳ አልሰጣትም አልኩ። የጻፍኩትን አጥፍቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«አልተረሳም። ዝርዝሩን ከደብተሬ የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ ሆን ብዬ ዘለልኩት። በአስተዳዳሪዋ ስለቀናሁ ነው።»

ላክሁት። ሰዓቱ አምስት ከሃያ ነበር።

ወዲያው ተመለሰ። «ምክንያቱ ይስተካከል» ይላል።

አንድ ቃል ሳልቀይር መልሼ ላክሁት። ተመለሰ። «እባክሽ ይስተካከል።» በቅጽ ላይ እባክሽ ተብሎ ሲጻፍ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ላክሁት። ተመለሰ። ከአናቴ በላይ፣ ወለሉ ላይ፣ ወንበሯ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። አምስት ከአርባ ሆነ። ስልኬ ጮኸ።

«እታለም፣ እብድ ነሽ? ያባርሩሻል እኮ!»

«ፍቀጂ።»

«አልፈቅድም። ሰዓቱን አታይም?»

«አስተዳዳሪ አይደለሽ? ሥራሽን ሥሪ» ብዬ ዘጋሁባት። ለአራተኛ ጊዜ ላክሁት።

አምስት ከሃምሳ። አልተመለሰም፣ አልተፈቀደም። ጋሽ ሚሊሜትር በሬን ገፋ አድርገው አንገታቸውን አስገቡ፣ ፊቴን አይተው ወጡ። ከዚያ ታች መጋዙ ጮኸ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እንደ ወትሮው።

ስክሪኔ ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ መጣ። ተፈቅዷል። ከሥሩ ፈቃጅ አስተያየት የሚጽፍበት ቦታ አለ፤ ማንም ምንም ጽፎበት የማያውቅ ቦታ ነው። እህቴ ጽፋበታለች፦

«ጠያቂዋ ያለችው እውነት ነው። ፈቃጅም ፕሮግራሙ መቅረቱን ከዓርብ ጀምሮ ታውቅ ነበር፤ አውቃ ዝም አለች። ይህ ፕሮግራም መጀመሪያ ጊዜ ሲጫን "ቀጥል" የሚለውን የተጫነችው ፈቃጅ ራሷ ነበረች።»

ደብተሬን ገለጥኩ። አርባ አንደኛው መስመር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳገላብጠው ኖሬ አላየሁትም፤ ከጎኑ በልጅ እጅ፣ በእርሳስ፣ «እኔ ጫንኩት» የሚል ተጽፎበታል።

ሥራ አስኪያጁ ሁለታችንንም ጠራን። ቅጹን ጮክ ብሎ አነበበው፤ ስለቀናሁ ነው የሚለው ላይ ሲደርስ መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ለሁለታችንም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልን። የእሷ የሙከራ ጊዜ ሌላ ሦስት ወር ተጨመረበት። እኔ ፍላሼን ለንብረት ክፍል እንዳስረክብ ታዘዝኩ። መስኮቶቹ አሥር ሰዓት ላይ ሄዱ።

ደረጃው ላይ አብረን ወረድን። መካከሉ ላይ ስንደርስ አላስችለኝ አለ።

«ካወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም? ራስሽ አትጨምሪውም ነበር?»

«እችል ነበር።» በእጇ የደረጃውን ድጋፍ ይዛ ቆመች። «ቅዳሜ ጠበቅኩሽ። እሁድ እናታችን ጋ ቁጭ ብለን ስንውል አሁን ትነግረኛለች፣ አሁን ትነግረኛለች እያልኩ ዋልኩ። ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት እስኪሆን እጄ ቁልፉ ላይ ነበር። የዘለልሽውን ከራስሽ አፍ ልሰማው ፈልጌ ነው። ሞኝ ነኝ።»

«አዎ፣ ሞኝ ነሽ» አልኳት።

ክንዴን ያዘች። ታች መጋዙ ይጮኻል። ሥራዋን አስይዛ ሦስት ቀን ጠበቀችኝ። እኔ በሕይወቴ ሰውን እንዲያ ጠብቄ አላውቅም፤ እሷንም ቢሆን። እዚያው ደረጃ ላይ፣ ክንዴን እንደያዘችኝ፣ እንደገና ቀናሁባት።